ግማሽ ኪሎ ሜትሩ የት ገባ?

በብራውዘር ውስጥ የጂፒኤስ ትራክ (ስልክ የቀዳውን የሄድንበትን መንገድ) ስለሚያነብና ስለሚተነትን መሣሪያ ሐዋሳ ላይ ያደረግኩት ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ። የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ኮድ የሚጽፉ አሉ፣ የጂኦግራፊ ተማሪዎች አሉ፣ ከኋላ ደግሞ የሩጫ ጫማ ያደረጉ አያለሁ። ለሁላችሁም የሚሆን ነገር አለኝ ብዬ አምናለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። ሁለት ጓደኛሞች ጠዋት ከፍቅር ሐይቅ ተነስተው በሐዋሳ ሐይቅ ዳር እስከ አሞራ ገደል ሮጠው ይመለሳሉ። ጎን ለጎን ናቸው፤ እያወሩ ነው የሚሮጡት። ሲጨርሱ ስልካቸውን ያወጣሉ። የአንደኛው ከሌላኛው በግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ትክክሉ የማን ነው?

ብዙ ሰው «ውድ ስልክ የያዘው» ይላል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። ቁጥሩን ያሰላው ማን ነው? እንዴት አድርጎ? አፑ ይህን አይነግረንም። መልሱን ብቻ ይሰጠናል፤ እኛም ተቀብለን እንሄዳለን።

የምሠራው መሣሪያ ከዚህ ጥያቄ የተነሳ ነው። በብራውዘር የሚከፈት አንድ ገጽ ነው። ከስልካችሁ ወይም ከእጅ ሰዓታችሁ ያወጣችሁትን የጂፒኤስ ፋይል ትሰጡታላችሁ። የሄዳችሁበትን መንገድ ካርታ ላይ ያሰምራል። ርቀቱን፣ ፍጥነቱን፣ የቆማችሁበትን ጊዜ፣ የወጣችሁትን ዳገት ያወጣል። ከዚያ እያንዳንዱን ቁጥር እንዴት እንዳገኘው ያሳያችኋል። ለእኔ ዋናው ይሄ የመጨረሻው ነው። ካርታ ላይ መስመር ማስመር ዛሬ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እውነተኛ ቁጥር ማውጣት ነው ልፋቱ።

«ለምን አፕ አልሠራህም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ብራውዘር በሁሉም ስልክ ላይ አለ። ዳውንሎድ አይጠይቅም፤ ስልኩ ሞልቶበት ፎቶ እያጠፋ ቦታ የሚፈልግ ሰውም ሊጠቀምበት ይችላል። ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። የዛሬ ብራውዘር ፋይል መክፈት፣ ማንበብና ማስላት ራሱ ይችላል። ስለዚህ ፋይሉ ከስልካችሁ አይወጣም። ሰርቨር የለም፤ አፕሎድ የለም። ፋይሉን ለመላክ ፓኬጃችሁ አይቆረጥም። ለእኔ ለሠሪውም ይበጃል፤ ገጹ ጥቂት ፋይሎች ብቻ ስለሆነ እንደ ጊትሀብ ፔጅስ ባለ ቦታ በነጻ ይቀመጣል። በየወሩ በዶላር የሚከፈል የሰርቨር ሒሳብ ለእኛ አገር ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ብራውዘር አይችልም፤ ይህን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። መንገዱን ራሱን ለመቅዳት አይመችም። ስክሪኑ ሲጠፋ ወይም ወደ ሌላ አፕ ስትሄዱ የቦታ መረጃውን ማግኘት ያቆማል። ስለዚህ ቀረጻውን እንደ ኦስማንድ ወይም ጂፒኤስ ሎገር ባለ አፕ ሥሩ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የስልኩን ባትሪ ቆጣቢ ለዚያ አፕ ዝጉት፤ አለበለዚያ ስልኩ አፑን መሐል ላይ ይዘጋባችሁና ትራኩ ተቆርጦ ይቀራል። ትንተናውን ገጹ ይሠራዋል።

አሁን ፋይሉን እንክፈት። ጂፒኤክስ የሚባለው የፋይል ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። አሁን የምንጠቀምበት 1.1 የሚባለው ቅጂ የ2004 ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልተቀየረም። ይህን ያህል የቆየው ቀላል ስለሆነ ነው። ተራ ጽሑፍ ነው፤ በኖትፓድ ይከፈታል። ውስጡ ነጥቦች ተደርድረዋል። ሐዋሳ ላይ የተቀዳ አንድ ነጥብ ይህን ይመስላል፦ ኬክሮስ 7.05213፣ ኬንትሮስ 38.46871፣ ከፍታ 1691.4፣ ሰዓት 03:41:07። ይኸው ነው። አንድ ሰዓት ከሮጣችሁና ስልኩ በየሰከንዱ ከቀዳ እንዲህ ያለ 3600 ነጥብ ይኖራችኋል። የቀረው ሁሉ፣ ርቀቱም ፍጥነቱም፣ ከእነዚህ አራት ቁጥሮች የሚወጣ ሒሳብ ነው።

እያንዳንዱን ቁጥር እንያቸው፤ ሁሉም የራሱ ወጥመድ አለው።

ኬክሮስና ኬንትሮስ። የጂፒኤክስ ፋይል ኬክሮስን ያስቀድማል፤ ካርታውን ገጹ ላይ የሚያሳየው ሊፍሌት የሚባለው የኮድ ስብስብም እንዲሁ። ጂኦጄሰን የሚባለው ዓይነት ግን ኬንትሮስን ነው የሚያስቀድመው። አንዱን ወደ ሌላው ስትቀይሩ ቅደም ተከተሉን ከዘነጋችሁ 7 እና 38 ቦታ ይለዋወጣሉ። የሐዋሳው ሯጭ ከአልጄሪያ በስተሰሜን ሜዲትራኒያን ባሕር መሐል ላይ ይታያል። እንዲህ ያለው ስህተት ቶሎ ስለሚታይ ደግ ነው። የማይታየው ነው የሚያስፈራው።

የነጥብ ቤቶቹንም ተመልከቱ። ከነጥብ በኋላ አምስተኛው ቤት መሬት ላይ ከ1 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ስድስተኛው 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚያም በላይ ብዙ ቤት የሚጽፉ አፖች አሉ። አሃዙ መብዛቱ ስልኩ ያን ያህል ያውቃል ማለት አይደለም።

ሰዓቱ ደግሞ ለእኛ ልዩ ነገር አለው። ፋይሉ የሚጽፈው ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው። 03:41 የሚለው በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 6:41 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12:41። በሌላ አነጋገር ፋይሉ ላይ ካለው ሰዓት 3 ትቀንሳላችሁ። ብራውዘሮች የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ራሳቸው ያውቁታል፤ አንድ ትእዛዝ ስትሰጧቸው ወርና ቀኑን በእኛው ያወጡላችኋል። የሰዓት አቆጣጠራችንን ግን አያውቁም። እሱን በእጅ መጻፍ ያስፈልጋል። ለአንድ ሯጭ «የሮጥከው 6:41 ላይ ነው» ብሎ ማሳየት እኩለ ቀን እንደ ሮጠ አድርጎ መንገር ነው። ጥቂት መስመር ኮድ ይፈታዋል፤ ቢሆንም በአማርኛ የተሠሩ ስንት ገጾች ይህን ይዘሉታል።

አንድ ፋይል ውስጥ ትራኩ ተቆራርጦ ሊመጣም ይችላል። ሲግናል ሲጠፋ ወይም ቀረጻውን ለአፍታ ስታቆሙት አፑ አዲስ ክፍል ይጀምራል። የአንዱን ክፍል መጨረሻ ከቀጣዩ መጀመሪያ ጋር ማገናኘት የለባችሁም። ከመናኸሪያ በባጃጅ የተጓዘና ቀረጻውን ያቆመ ሰው በሰፈሮች ላይ በአየር የበረረ ይመስላል፤ ያልሮጠው ርቀትም ይደመርለታል።

ካርታው ላይ ብዙ አልቆይም። ሊፍሌትን ቮሎዲሚር አጋፎንኪን የሚባል ዩክሬናዊ ፕሮግራመር በ2011 አወጣው፤ ክብደቱ ሲታመቅ 42 ኪሎ ባይት ገደማ ብቻ ስለሆነ ኔትወርክ ቢያንስም ቶሎ ይከፈታል። የካርታው መረጃ የኦፕንስትሪትማፕ ነው። ስቲቭ ኮስት በ2004 እንግሊዝ አገር የጀመረው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በጎ ፈቃደኞች የሚሞሉት ካርታ ነው። የሐዋሳን የውስጥ መንገዶች ማናችሁም ገብታችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ።

ካርታው የሚመጣው 256 በ256 ፒክስል በሆኑ ቁርጥራጭ ምስሎች ነው። ዓለም ሙሉ በአንድ ምስል ይጀምራል፤ አንድ ደረጃ በቀረባችሁ ቁጥር ምስሎቹ በ4 ይባዛሉ። የከተማ መንገድ በደንብ በሚታይበት በ15ኛው ደረጃ መላው ዓለም ከ1 ቢሊዮን በላይ ምስል ይሆናል። ለዚህ ነው ከኦፕንስትሪትማፕ ሰርቨር ምስሎቹን በጅምላ ማውረድ የተከለከለው። በእርዳታ ገንዘብ የሚቆም አገልግሎት ነው። የአዘጋጆቹን ስም ካርታው ጥግ ላይ መጻፍም ግዴታ ነው፤ እባካችሁ አታጥፉት። ኢንተርኔት በሌለበት ለመሥራት ለሚፈልግ የተሻለው መንገድ ፒኤምታይልስ ነው። የምትፈልጉትን አካባቢ ካርታ በአንድ ፋይል አድርጎ ይይዛል፤ ሐዋሳንና ዙሪያዋን ብቻ ቆርጣችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። መረጃው በምስል ሳይሆን በቬክተር (በነጥብና በመስመር ተገልጾ) ከሆነ ደግሞ የቦታዎቹን ስም በአማርኛ መርጦ ማሳየት ይቻላል።

ለፕሮግራመሮች አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። 28,800 ነጥብ ያለው የስምንት ሰዓት ትራክ በርካሽ ስልክ ላይ ሲሳል ገጹ ደርቆ ይቀራል። መፍትሔው ነጥቦቹን መቀነስ ነው። ዳግላስና ፖይከር የሚባሉ ሰዎች በ1973 ያሳተሙት ዘዴ አለ፤ የመስመሩን ቅርጽ የማይለውጡትን ነጥቦች ይጥላል፣ ኩርባዎቹን ይይዛል። በጣም ግሩም ዘዴ ነው። ግን ለዓይን ነው፤ ለሒሳብ አይደለም። በእኔ መሣሪያ ውስጥ ትራኩ ሁለት ቅጂ አለው። አንዱ የሚሳለው ነው። ሌላው የሚለካው ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተደባለቁ ካርታውን አቅርባችሁ ስታዩትና አርቃችሁ ስታዩት ርቀቱ ይለያያል። ስሌቱን ደግሞ በዌብ ወርከር ለብቻው አስኪዱት፤ ያኔ ገጹ አይቆምም።

እንግዲህ ወደ ግማሽ ኪሎ ሜትሩ እንመለስ።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከመሬት 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይዞራሉ። ስልካችሁ ቢያንስ ከ4 ሳተላይት ሲግናል ተቀብሎ፣ ሲግናሉ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ሲግናሉ በብርሃን ፍጥነት ነው የሚመጣው። በሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍል 30 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ እጅግ ጥቂት የጊዜ ስህተት መሬት ላይ ሜትሮች ይሆናል። እስከ ግንቦት 2 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት የሲቪሉን ሲግናል ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ ያ ቀርቷል። ዛሬ ግልጽ ሰማይ ሥር ያለ ስማርት ስልክ በአብዛኛው 5 ሜትር ገደማ በሆነ ክብ ውስጥ ቦታውን ያውቃል። ፎቅ አጠገብ ወይም የሐይቁ ዳር ትልልቅ ዛፎች ሥር ስትሆኑ ሲግናሉ ግድግዳ ነክቶ ወይም ቅጠል አልፎ ስለሚመጣ ስህተቱ ይጨምራል።

5 ሜትር ትንሽ ይመስላል። አንድ ቦታ ለማግኘት በቂ ነው። ርቀት ለመደመር ስትመጡ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ተራ ይዞ የቆመ ባጃጅ አስቡ። ሾፌሩ ስልኩን መሪው ላይ ሰክቶታል፤ ቀረጻው እየሄደ ነው። ባጃጁ አልተነቃነቀም። ስልኩ ግን ቦታውን በየሰከንዱ ትንሽ ትንሽ እየለወጠ ይጽፋል። በየሰከንዱ 1 ሜትር ብቻ ቢንቀጠቀጥ በ10 ደቂቃ ውስጥ 600 ሜትር «ተጓዘ» ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ተራ ሲጠብቅ የዋለ ባጃጅ በዚህ አካሄድ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጨመርበት አስሉት። ሾፌሩ በኪሎ ሜትር ስንት ቤንዚን እንደሚፈጅ ለማወቅ ብሎ ከሆነ የቀዳው፣ መሣሪያችን ዋሽቶታል። ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ሰውየው በዚያ ቁጥር ገንዘቡን ያስላል።

ስትንቀሳቀሱም ያው ነው። ቀጥ ብላችሁ ስትሮጡ ነጥቦቹ ግራና ቀኝ ይዋዥቃሉ። በነጥቦቹ መሐል የሚሰመረው መስመር ዚግዛግ ይሆናል፤ ዚግዛግ ደግሞ ከቀጥታው ይረዝማል። ተመራማሪዎች በ2016 ባሳተሙት ጥናት ይህን በሒሳብ አሳይተዋል፤ በጂፒኤስ ነጥቦች የሚለካ ርቀት በአማካይ ከእውነተኛው ወደ ላይ ያደላል። በሌላ በኩል ስልኩ በየ30 ሰከንዱ ብቻ ከቀዳ ኩርባዎቹን ሁሉ ቆርጦ በቀጥታ ያልፋቸዋል፤ ያኔ ርቀቱ ያንሳል። ሁለቱ ስህተቶች ወዲያና ወዲህ ይጎትታሉ። የጓደኛሞቹ ግማሽ ኪሎ ሜትር የገባው እዚህ ነው። አንደኛው ስልክ በየሰከንዱ ቀድቶ ዚግዛጉን እንዳለ ደምሮታል። ሌላኛው አልፎ አልፎ ቀድቶ የሐይቁን ዳር ጠመዝማዛ ቆርጦታል። ምናልባት አንዱም ትክክል አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ የማይሆነውን እናውጣ። ሯጭ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር አይሮጥም። በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር የዘለለ ነጥብ ካለ ይወጣል። ቀጥሎ የቀሩትን እናለሳልስ፤ እያንዳንዱን ነጥብ ከጎረቤቶቹ ጋር አይቶ መሐከለኛውን መውሰድ በጣም ቀላሉና ብዙ ጊዜ የሚበቃው ዘዴ ነው። መሐከለኛው (በመጠን ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው) ከአማካይ ይሻላል፤ አንድ ያበደ ነጥብ አማካይን ይዞት ይሄዳል፣ መሐከለኛውን ግን አይነቀንቀውም። ከዚያ መቆምን እንለይ። ነጥቦቹ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ከ10 ሜትር ክብ ካልወጡ ሰውየው ቆሟል፤ የዚያን ጊዜ ርቀት አንደምርም። የቆመበትን ደቂቃ ለብቻ እናሳያለን።

እዚህ ላይ ነው የእኔ አቋም። 10 ሜትር ያልኩት ለምን 8 ወይም 15 አልሆነም? ግማሽ ደቂቃስ ለምን? ይህ ምርጫ ነው። ማንኛውም አፕ ይህን ምርጫ ያደርጋል፤ ግን ጓዳ ውስጥ ነው የሚያደርገው። እኔ ምርጫውን ገጹ ላይ አወጣሁት። የማጣሪያው መጠን በጣት የሚጎተት ነው። ስትጎትቱት ርቀቱ ወዲያው ሲለወጥ ታያላችሁ። ያልተጣራው ድምርና የተጣራው ድምር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የወጡት ነጥቦች ካርታው ላይ በቀይ ይታያሉ። ተጠቃሚው «ይቺ ነጥብ እውነት ነች፣ እዚያ ሄጃለሁ» ካለ ይመልሳታል። የሄደው እሱ ነው፤ መንገዱን ከኮዴ በላይ ያውቀዋል።

«ሰው ይህን ሁሉ አይፈልግም፤ አንድ ቁጥር ስጠውና ይሂድ» የሚሉኝ አሉ። አልስማማም። ለማራቶን የሚዘጋጅ ልጅ የሳምንት ርቀቱ ከእውነቱ በሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ቢዛነፍ ልምምዱ ይዛነፋል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማየት መብቱ ነው።

ሁለት ነጥብ መሐል ያለውን ርቀት ስለማስላት በአጭሩ፦ ሃቨርሳይን የሚባለው ቀመር መሬትን ራዲየሷ 6,371 ኪሎ ሜትር የሆነ ኳስ አድርጎ ያሰላል። ለእኛ ሥራ ይበቃል። የተማሪዎችን ኮድ ሳይ ግን አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ዲግሪውን በ111 ኪሎ ሜትር አባዝተው በፓይታጎረስ ያሰሉታል፤ ወደ ዋልታ ስንሄድ ኬንትሮስ እንደሚጠብ ይረሳሉ። ሐዋሳ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ስህተቱ እዚህ ከ1 በመቶ ያንሳል፤ ማንም አያስተውለውም። ያው ኮድ ለንደን ላይ ምሥራቅና ምዕራቡን ከእውነቱ 60 በመቶ አስበልጦ ያወጣል። ኮዳችሁን በሰፈራችሁ ፋይል ብቻ አትፈትኑ።

ከፍታው ከሁሉም የባሰ ነው። ሳተላይቶቹ ሁሉ ከበላያችን ናቸው፤ ከሥራችን የለም። ስለዚህ የወደ ላይ ስህተቱ ከጎንዮሹ ይበልጣል። በዚያ ላይ «ዜሮ» የት ነው የሚለው ነገር አለ። የአንድሮይድ ስልክ የሚሰጠው መሠረታዊ ከፍታ ከባሕር ወለል አይደለም የሚነሳው፤ ኤሊፕሶይድ ከሚባል የሒሳብ ቅርጽ ነው። አንዳንድ አፕ ያስተካክለዋል፤ አንዳንዱ እንዳለ ይጽፈዋል። ሁለት ስልኮች እዚያው ቦታ ሆነው የተለያየ ከፍታ ሲሉ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የዳገት ድምር ሲመጣ ደግሞ ስህተቱ ይቆለላል። የሐይቁ ዳር ሜዳ ነው። ከፍታው ግን ፋይሉ ላይ 2 ሜትር ይወጣል፣ 2 ሜትር ይወርዳል፣ ይወጣል። መውጣቶቹን ብቻ ከደመራችሁ ሜዳ ላይ የሮጠው ሰው እዚሁ ሐዋሳ ያለውን ታቦር ተራራ የወጣ ይመስላል። የምጠቀመው ዘዴ ገደብ ማስቀመጥ ነው። ከፍታው ካለፈው ዝቅተኛ ቦታ ቢያንስ 5 ሜትር ካልጨመረ ዳገት ብለን አንቆጥረውም። ይህችም ገደብ በጣት የምትጎተት ነች። ሌላው አማራጭ የስልኩን ከፍታ ጥሎ ከመሬት ከፍታ መረጃ መውሰድ ነው። ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. በ11 ቀን በረራ አብዛኛውን የዓለም መሬት በራዳር ለካችው። የ30 ሜትሩ መረጃ በ2014 ለሕዝብ ሲለቀቅ መጀመሪያ የተሰጠው የአፍሪካው ነበር። ለሜዳና ለረጋ ዳገት በጣም ጥሩ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ግን ይስታል፤ 30 በ30 ሜትር ለሆነ መሬት አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

ስለ ምስጢር ሳላወራ አልጨርስም። ስትራቫ የተባለው የስፖርት አፕ በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. የተጠቃሚዎቹን ትራክ ደራርቦ የዓለም ካርታ አወጣ። ስም የለውም፤ የበራ መስመር ብቻ ነው። በጥር 2018 አንድ አውስትራሊያዊ ተማሪ ካርታው ላይ በረሃ መሐል የሚያበሩ መስመሮችን አስተዋለ። የጦር ሰፈሮች ነበሩ፤ ወታደሮቹ ዙሪያውን ሲሮጡ ራሳቸው ስለውታል። ወታደር ያልሆነችውን የሐዋሳ ሴት ልጅ አስቡ። የጠዋት ሩጫዋ ከቤቷ በር ይጀምራል፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ መንገድ። ያንን ፋይል የያዘ ሰው ስለ እሷ ምን ያህል እንደሚያውቅ እዩ። ለዚህ ነው ፋይሉ ከስልኳ እንዳይወጣ የምሟገተው። ማጋራት ከፈለገች መሣሪያው መነሻና መድረሻውን ቆርጦ ሌላ ፋይል ያወጣላታል። አቆራረጡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቤቷን መሐል አድርጎ ክብ ከቆረጠ፣ ጥቂት ትራክ ያገኘ ሰው የክቡን መሐል ያገኘዋል። ስለዚህ የክቡ መሐል ከቤቱ ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ሁልጊዜም እዚያው ቦታ።

ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ላስገባ።

አንድ የጂኦግራፊ ተማሪ ትራኩን ከድሮው የኢትዮጵያ ቶፖግራፊ ካርታ ጋር ሲያስተያየው ለምን እንደማይገጥም ጠየቀ። ካርታው የተሠራው አዲንዳን በሚባለው መነሻ (ኬክሮስና ኬንትሮስ በሚለኩበት መሠረት) ነው፤ ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ይጠቀማል። በእኛ አገር በሁለቱ መሐል 200 ሜትር የሚያህል ልዩነት አለ። ትራኩ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ እኩል ከተንሸራተተ ስልኩን አትጠርጥሩ፤ መቀየሪያውን አስገቡ።

ሌላዋ ጠያቂ ከሲዳማ ቡና ገበሬዎች ጋር የምትሠራ እህት ነበረች። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ መሠረት ቡናው የበቀለበት መሬት ኬክሮስና ኬንትሮስ ይጠየቃል፤ ከ4 ሄክታር ለሚበልጥ ማሳ ደግሞ ዙሪያው። «በስልክ ዙሪያውን ዞሬ የቀዳሁትን ስፋት ልመነው ወይ?» አለች። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይሄ ነው የበለጠ ደስ ያሰኘኝ፤ ምክንያቱም የሰው እንጀራ አለበት።

ደንቡ ስድስት የነጥብ ቤት ይላል፤ 11 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ስልክ ያን ያህል አያውቅም። ለስፋት ሲሆን ግን ነገሩ የሚመስለውን ያህል አይከፋም። ነጥቦቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ 4 ሜትር ቢንሸራተቱ ማሳው ቦታውን ይስታል እንጂ ስፋቱ አይለወጥም። ግራ ቀኝ የሚንቀጠቀጠው ስህተትም በአብዛኛው እርስ በርሱ ይጣፋል። ስፋቱን የሚያበላሸው የሚዞረው ሰው መንገድ ነው። 50 በ100 ሜትር የሆነ ግማሽ ሄክታር ማሳ ውሰዱ። አጥሩ ስላስቸገረው በዙሪያው ሁሉ 3 ሜትር ወጣ ብሎ ከዞረ ከ900 ካሬ ሜትር በላይ ይጨምራል። ከማሳው 19 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ድንበሩን ተከትሎ በቀስታ መዞር፣ በየማዕዘኑ ግማሽ ደቂቃ መቆም፤ መሣሪያው የቆሙበትን ነጥቦች አንድ ላይ አድርጎ አንድ ማዕዘን ያወጣል። ስፋቱን ሲጽፍም ብቻውን አይጽፈውም፤ ከጎኑ ምን ያህል ሊዛነፍ እንደሚችል በካሬ ሜትር ያስቀምጣል። ገበሬው ሲፈርም ሁለቱንም ቁጥር አይቶ ይፈርም።